መመለሻው ያልተጻፈበት መመሪያ፦ ለውበት ቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ስለሚደረግ ጉዞ የተጻፉ ምክሮች ሲመዘኑ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ታካሚ በምሠራበት ሆስፒታል የምርመራ ክፍል ውስጥ ከቦርሳዋ አንድ የሚያብረቀርቅ አቃፊ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። በሽፋኑ ላይ የባሕር ዳርቻና ፈገግ ያለች ሴት ምስል ይታያል። በውስጡ የሆቴል ማረፊያ ወረቀት፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበላት ሾፌር ስልክ ቁጥር፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል የተጻፈባቸው ሁለት ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም ተጓዡ በሰላም ሄዶ በሰላም እንዲመለስ የሚመክር ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ነበረ። የቀዶ ሕክምናው መዝገብ ግን አልነበረም። ምን እንደ ተሠራላት፣ ማን እንደ ሠራላት፣ ምን ዓይነት ማደንዘዣ እንደ ተሰጣት፣ በሰውነቷ ውስጥ ምን እንደ ቀረ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አጣሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያ ባለ አራት ገጽ ምክርና መሰሎቹ ናቸው። ለውበት ሲባል ከአገር ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። አሜሪካውያን ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ወደ ሜክሲኮ፣ እንግሊዛውያንና ጀርመናውያን ወደ ቱርክ ይጓዛሉ። ከእኛም አገር ሕሙማንን ለልብና ለኩላሊት ወደ ባንኮክና ወደ ዴልሂ ሲወስድ የኖረው መንገድ ለአፍንጫ፣ ለሆድና ለጡትም ማገልገል ጀምሯል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከሚኖሩበት ተነሥተው በሦስተኛ አገር ከታከሙ በኋላ ለዕረፍት ወደ እኛ ሲመጡ ቁስላቸውን ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ይህን ጉዞ ተከትሎ ብዙ የምክር ጽሑፍ ተጽፏል። ከፊሉ የሐኪሞች ማኅበራት፣ ከፊሉ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤቶች፣ ከፊሉ ደግሞ የክሊኒኮችና የአገናኝ ደላሎች ሥራ ነው። ያገኘሁትን ያህል አንብቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። በጥራት እኩል አይደሉም፤ ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ያስተባብራቸዋል። ደኅንነትን ከመሄድ በፊት በሚደረግ ምርጫ ውስጥ ብቻ ይፈልጉታል። ታካሚዋ በጥንቃቄ ከመረጠች ትድናለች፣ ሳትመርጥ ከሄደች ጥፋቱ የራሷ ነው። ተመልሳ ደጁን የምታንኳኳው ሐኪም በጽሑፎቹ ውስጥ ወይ የለም፣ ወይ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ታልፏል።

ከፎቶግራፎቹ እንጀምር፤ አንባቢው ከጽሑፉ በፊት የሚያምነው እነርሱን ነውና። «በፊት» በሚለው ሥዕል ሴትየዋ ትከሻዋን ጥላ፣ ብርሃን ከላይ ወርዶባት፣ ሳትስቅ ቆማለች። «በኋላ» በሚለው ቀና ብላለች፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት መጥቷል፣ የውስጥ ልብሷም ጠባሳው ካለበት ቦታ ከፍ ብሎ ታጥቋል። ሥዕሉ በስንተኛው ሳምንት እንደ ተነሣ አልተጻፈም። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ለመብሰል አንድ ዓመት ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ የምናውቅ ሰዎች ቀን የሌለውን ፎቶግራፍ ማስረጃ አንለውም። በተለይ እንደ እኛ ሕሙማን ጠቆር ላለ ቆዳ ያለው ሰው ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ኬሎይድን የሚመለከት ነበር። ጆሮዋን ስትበሳ፣ በልጅነቷ ክንዷ ላይ ስትከተብ ወይም አንገቷን ስትነቀስ ጠባሳው አብጦ ያውቅ እንደ ሆነ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። በአቃፊው ውስጥ የነበረው የመጠይቅ ቅጽ ስለ ምግብ ምርጫዋና ስለ ሆቴል ክፍሏ ዓይነት ጠይቋታል፤ ስለ ጠባሳ ግን አልጠየቃትም።

ሁለተኛው መመርመር ያለበት ቃል «ጥቅል» የሚለው ነው። ጥቅሉ ሰባት ሌሊት ይላል። ሰባት የተመረጠው የቁስሉን ጊዜ ተመልክቶ ሳይሆን የአውሮፕላን ቲኬቱንና የሆቴሉን ዋጋ ተመልክቶ መሆኑ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለተጓዦች ባወጣው ምክር ደረቱን ወይም ሆዱን የተቀደደ ሰው ቢያንስ 10 ቀን፣ የፊት፣ የአፍንጫና የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን በአውሮፕላን እንዳይሄድ ያሳስባል። ምክንያቱን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ደም እንዲረጋ ያመቻቻል፣ ረጅም ሰዓት መቀመጥም እንዲሁ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ በእግር ውስጥ የረጋው ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት ዕድል ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ የእኛን አገር የሚመለከት ነገር ጣል ላድርግ። በበረራ ላይ ያለ የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ከባሕር ጠለል አጠገብ የሚኖር ተጓዥ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ወፍራም አየር ይመለሳል። የእኛዋ ተጓዥ ግን ቦሌ ስትወርድ ያረፈችበት ከፍታ አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበረችበት ብዙም የማይርቅ ነው። ስለዚህ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ይዛ የመጣች ሴት በመውረዷ ምንም እፎይታ አታገኝም። ድካሟንና የትንፋሿን ማጠር ቤተሰቧ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ሁለት ቀን ሊያስተኛት ይችላል።

ጥቅሉ የባሕር ዳርቻ መዝናኛንም ይጨምራል። ትኩስ ቁስል ያለው ሰው እንዳይዋኝ፣ ፀሐይ እንዳይመታው፣ መጠጥ እንዳይጠጣ ማንኛውም ሐኪም ይመክራል። ማስታወቂያውና የሕክምናው ትእዛዝ በአንድ አቃፊ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ አዘጋጆቹ ግን ይህን ያስተዋሉት አይመስልም።

አሁን ወደ ቁም ነገረኛው ጽሑፍ ልሻገር። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በሰኔ 2008 ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ስለሚደረግ ጉዞ ዘጠኝ መርሆዎች አጸደቀ። በሙያ ማኅበር ደረጃ ከወጡት ጽሑፎች ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጉዞው በፈቃደኝነት ብቻ እንዲሆን፣ የገንዘብ ማባበያ የታካሚውን ምርጫ እንዳያጠብብ፣ ዕውቅና ወዳላቸው ተቋማት ብቻ እንዲላክ፣ የክትትል ሕክምናው ከጉዞው በፊት እንዲመቻች፣ ቀዶ ሕክምናን ከረጅም በረራና ከሽርሽር ጋር ማደባለቅ ያለው አደጋ ለታካሚው እንዲነገር ይጠይቃል። በቁጥብ ቋንቋ የተጻፈ፣ ማንንም የማይሰድብ፣ የሌላ አገር ሐኪሞችን የማይንቅ ሰነድ በመሆኑ አደንቀዋለሁ።

ይሁን እንጂ ጽሑፉን ማን እንዲፈጽመው ነው የተጻፈው ብለን ብንጠይቅ ችግሩ ይገለጣል። መርሆዎቹ የተናገሩት በመጀመሪያ ለአሠሪዎች፣ ለመድን ድርጅቶችና ጉዞውን ለሚያመቻቹ አካላት ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መድን ሰጪዎች ወጪ ለመቀነስ የልብና የመገጣጠሚያ ታካሚዎችን ወደ ውጭ መላክ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ብዙ ያነጋግር ነበር፤ ማኅበሩም ለዚያ መልስ ሰጠ። ለውበት የሚጓዝ ሰው ግን በአብዛኛው መድን አይከፍልለትም፣ አሠሪውም አይልከውም። ራሱ ቆጥቦ፣ ራሱ ተበድሮ፣ ብዙ ጊዜም ለቤተሰቡ ሳይናገር የሚሄድ ነው። እንግዲህ «የክትትል ሕክምናው ከጉዞው በፊት ይመቻች» የሚለው ትእዛዝ ባለቤት አጥቶ በአየር ላይ ይቀራል። የላከ የለም፣ ስለዚህ ያመቻቸም የለም። ሰነዱ በትክክል የተጻፈው ለሌላ ተጓዥ ነው፤ በኋላ የመጡ ጽሑፎች ደግሞ እነዚያኑ ሐሳቦች ወስደው በብቸኛዋ ታካሚ ትከሻ ላይ ጫኗቸው። የዘጠኙ መርሆዎች ሸክም ለመድን ድርጅት ቀላል ነው። ለአንዲት ልብስ ሰፊ ወይም ለአንዲት የቢሮ ጸሐፊ ግን ከባድ ነው።

ስለ ዕውቅናም እንዲሁ ማለት ይቻላል። ጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናል በ1994 ተመሥርቶ በ1999 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ለሚገኝ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ዕውቅና ሰጠ፤ በ2002 የባንኮኩ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ይህን ዕውቅና በእስያ ቀድሞ አገኘ። ቱርክ ደግሞ በ2017 ባወጣችው ደንብ የውጭ ሕሙማንን የሚቀበሉ ተቋማትና አገናኝ ድርጅቶች ከጤና ሚኒስቴሯ የፈቃድ ወረቀት እንዲይዙ አዘዘች። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ማንም እንዲያቃልላቸው አልፈልግም። ምክሮቹ ግን «ዕውቅና ያለው ቦታ ምረጪ» ብለው ሲያበቁ ዕውቅናው የተሰጠው ለሕንፃውና ለአሠራሩ እንጂ ለእያንዳንዱ ቢላ ያዥ እጅ አለመሆኑን አይነግሯትም። የቀዶ ሕክምና ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ሐኪም አለ። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ምክክር ተደርጎ ቀዶ ሕክምናው በጎረቤት ክሊኒክ የሚፈጸምበት ጊዜም አለ። ቡራቡሬው ማኅተም በሽፋኑ ላይ ታትሞ ሲታይ የትኛውን ቤት እንደሚመለከት አንባቢዋ በምን ታውቃለች?

ምርጫ ብቻውን የማይፈታው ነገር እንዳለ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኘው መረጃ በግልጽ ያሳያል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ ከ2009 እስከ 2022 በዚያች አገር ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ የሞቱ አሜሪካውያን 93 መሆናቸውን ገልጿል። እስከ 2018 ድረስ በዓመት በአማካይ 4.1 የነበረው ከ2019 እስከ 2022 ወደ 13 ከፍ አለ፤ በ2020 ብቻ 17 ሰዎች ሞቱ። ምክንያታቸው በዝርዝር ከተመረመረው ሞቶች አብዛኞቹ ወደ ሳንባ የሄደ ስብ ወይም የረጋ ደም ያስከተላቸው ናቸው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከመጠን በላይ ውፍረት ነበራቸው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምናም ተደርጎላቸዋል፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተመጠጠ ስብ ወደ መቀመጫ መርፌ የሚወጋበት ቀዶ ሕክምናም ጎልቶ ይታያል። ይህ የመጨረሻው በራሱ አገርም ቢሠራ አደገኛ ነው። በ2017 የታተመ የባለሙያዎች ጥናት ከ3000 ታካሚዎች አንዷ ትሞታለች ብሎ ሲገምት፣ የብሪታንያ የውበት ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 አባሎቹ ሥራውን እንዲያቆሙ መክሮ ነበር። ስቡ ከጡንቻው በታች ከገባ በዚያ ያሉትን ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ቀድዶ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄዳል።

እንግዲህ የምክሩን ዝርዝር በዚህ መረጃ ፊት እናቁመው። «በቦርድ የተመሰከረለት ሐኪም ምረጪ» ይላል፤ የተመሰከረለት ሐኪምም ቢሆን ሦስት ቀዶ ሕክምና በአንድ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥያቄ በአንድ ቀን ስንት ሥራ ይሠራል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ደም እንዳይረጋ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ሦስት ሥራ በአንድ ቀን የሚሠራውም ጉዞ ስለ ሆነ ነው፤ ታካሚዋ ሁለተኛ ቲኬት መግዛት አትችልምና «እግረ መንገድሽን» ትባላለች። የጉዞው ኢኮኖሚ የቀዶ ሕክምናውን መጠን እንደሚወስን ካነበብኋቸው ውስጥ በግልጽ የጻፈ አላገኘሁም።

የማደንዘዣም ነገር እንዲሁ ነው። በ2023 በሜክሲኮ ማታሞሮስ ከተማ በሁለት ክሊኒኮች በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ ተወግተው የውበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ አሜሪካውያን መካከል ፉዛሪየም በሚባል ፈንገስ የመጣ የማጅራት ገትር ተነሥቶ 12 ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው የተጋለጡት ከ200 በላይ ነበሩ። ቀዶ ሐኪም የመምረጥ ምክር እነዚህን ሰዎች ምንም አይጠቅማቸውም ነበር። የጠቀማቸው ራስ ምታት ብለው ወደ አገራቸው ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ «በቅርቡ የት ነበርሽ? ጀርባሽን ተወግተሻል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ ነው።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ፤ ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመክሰስ ብቻ አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው። ሴትየዋ እኛ ዘንድ የመጣችው ከታችኛው ሆዷ ጠባሳ ላይ ቀላ ያሉ እብጠቶች ወጥተው፣ ሁለቱ ፈንድተው ቀጭን መግል እያፈሰሱ ነበር። ከዚያ በፊት በሦስት ክሊኒኮች ክሎክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ወስዳለች። መግሉ በካልቸር ምንም አላበቀለም ተብሎ በሁለተኛው ቀን ተጥሏል። ስለ ጠባሳው ስጠይቃት «ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ፣ ዶክተር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ወልዳለች። የመግሉን ስሚር ማየት እንዳለብን ያሰብሁት እኔ ነኝ፤ በማይክሮስኮፕም አሲድ ፋስት ባሲለስ ታየ። ጂን ኤክስፐርት ግን የቲቢ ጀርም የለም አለ። ሁለቱ ውጤቶች ሲጋጩ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባ ነበር። እኔ በየቀኑ የማየውን በሽታ አየሁና የሆድ ግድግዳ ቲቢ ብዬ አራቱን መድኃኒቶች ጀመርሁላት። ሁለት ወር ዋጠች። ሽንቷ ቀላ፣ ሆዷን አቅለሸለሻት፣ እብጠቱ ግን ከሁለት ወደ አምስት ወጣ።

ነገሩን የፈታችው ቁስሏን የምታጥበው አንጋፋ ነርስ ናት። አንድ ቀን በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔ እናት፣ ይህ የወሊድ ጠባሳ አይመስለኝም። አልቆጣሽም፣ ለማንም አልናገርም» አለቻት። ሴትየዋ አለቀሰች፤ በማግሥቱ አቃፊውን ይዛ መጣች። ሲስተር ያየችውን እኔ ያላየሁት ለምን እንደ ሆነ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የሆድ ቆዳ የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚደርስ ሲሆን በእምብርቱ ዙሪያም ክብ ጠባሳ ይተዋል። ሆዷን እስከ እምብርቷ ገልጬ ብመለከት ኖሮ ቃሏን ሳልጠብቅ አውቀው ነበር። እኔ የገለጥሁት መግሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ነበር።

ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የቲቢ ጀርም ዘመድ ነው፤ በአፈርና በውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በሚገባ ባልጸዳ መሣሪያ ወይም በቧንቧ ውኃ በኩል ወደ ቁስል ይገባል። በ2003 እና በ2004፣ እንደገናም በ2013 እና በ2014 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የውበት ቀዶ ሕክምና አድርገው በተመለሱ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ወረርሽኝ ያስነሣው ይኸው ጀርም ነው። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ይገለጣል፤ ማለትም ታካሚዋ ቤቷ ከገባች፣ ጥቅሉ ካለቀ፣ የሾፌሩ ስልክ ከተዘጋ በኋላ። ከቲቢ ጀርም ፈጥኖ ይበቅላል ቢባልም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይፈልጋልና ካልቸሩን በ48 ሰዓት የሚጥል ላቦራቶሪ ያመልጠዋል። ዋናው ነገር ግን ለቲቢ የምንሰጣቸው የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች አይገድሉትም። ቲቢ እምብዛም በማይገኝበት አገር አሲድ ፋስት ሲታይ ሐኪሙ ይደነግጣል፣ ይጠይቃል። በእኛ አገር ግን ውጤቱ ራሱ መልስ ሆኖ ይታየናል። ለሩቅ አገር አንባቢ የተጻፈው ምክር ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ እኛው ልንጽፈው ይገባል። ከቀዶ ሕክምና ቁስል አሲድ ፋስት ከታየና ጂን ኤክስፐርት ቲቢ የለም ካለ፣ መድኃኒት ከመጻፍ በፊት ካልቸሩ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆይ፤ ናሙናውም የጀርሙን ዝርያ ለይቶ ለሚያውቅ ላቦራቶሪ ይላክ።

ሴትየዋ ለምን ደበቀች? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ የደበቀውን ይወቅሳል፤ ከማን እንደ ደበቀ አይጠይቅም። በሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች የምንናገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ገንዘብ የተረፋት»፣ «ሥራ ያጣች»፣ «እግዜር የሰጣትን ያልወደደች» ይባላል። ይህች ሴት ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ የሆዷ ጡንቻ ተለያይቶ፣ ቆዳው ተንጠልጥሎ፣ በበጋ ከእጥፋቱ ስር እየላጠ ያቃጥላት እንደ ነበር የነገረችን በኋላ ነው። በሕክምናና በውበት መካከል ያለው ድንበር በመጽሐፍ ላይ እንደሚታየው ቀጥ ያለ አይደለም። በልጅነቱ እሳት ውስጥ ወድቆ ፊቱ የተጨማደደ ወጣት አፍንጫውን ለማስተካከል ቢጓዝ የትኛው ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን? የካቲት 12 ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የቃጠሎ ሕሙማንን ሲያክም እንደ ኖረ እናውቃለን፤ በአገራችን ያሉት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቁጥር ደግሞ ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ወረፋው ረዝሞበት የሚሄድ ሰው ከንቱ አይደለም። ከንቱ ቢሆንም እንኳ መግል ያለበት ሆድ መግል ያለበት ሆድ ነው።

ምክር ጸሐፊዎቹ አንድ ገጽ ቢጨምሩ ምን ይጻፍበት ብባል፣ ለተመላሿ ሐኪም የሚሰጥ ገጽ ይሁን እላለሁ። ታካሚዋ ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት «የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ማስታወሻ በእጄ ትሰጡኛላችሁ ወይ?» ብላ ትጠይቅ፤ እምቢ ያለ ክሊኒክ በዚህ ብቻ ይታወቃል። የአሜሪካው ማዕከል መዝገብሽን ይዘሽ ተመለሺ ይላል፣ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ሲባል ክፍያ ደረሰኝ የመሰላት ሴት አጋጥማኛለች። ስለዚህ በስም ይጠቀስላት፦ ምን ምን ተሠራ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ማደንዘዣ፣ ምን ያህል ስብ ተመጠጠ፣ ምን አንቲባዮቲክ ተሰጠ፣ ከሁሉም በላይ በሰውነት ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር ካለ የሠሪው ስምና የመለያ ቁጥሩ። በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ለሕክምና ባልተፈቀደ ሲሊኮን የተሞሉ የጡት ኢምፕላንቶች መሸጣቸው ሲደረስበት በብዙ አገሮች ያሉ ሴቶች የተጨነቁት አንዱ በደረታቸው ውስጥ ያለው የማን ሥራ እንደ ሆነ የሚናገር ወረቀት ስላልነበራቸው ነው። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ወደ እኛ ትምጣ። የምትሄድበትን ሳናጸድቅም ቢሆን የደም ግፊቷን፣ የደሟን መጠን፣ የምትወስደውን የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ ጫትና ሲጋራዋን ልንመለከትላት እንችላለን። ከተመለሰችም በኋላ በዐቢይ ጾም መካከል ከሆነ ስለ ምግቧ ብንነጋገር ለቁስሉ ይጠቅመዋል፤ ይህን ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክርበት መንገር ነውር የለውም።

ሴትየዋን በመጨረሻ በአሚካሲን፣ በክላሪትሮማይሲንና በኢሚፔነም ማከም ጀመርን፤ እብጠቶቹም ተከፍተው ታጠቡ። ሁለት ወር ተሻላት፣ ከዚያ እንደገና መግል መጣ። መድኃኒቱን ለዋወጥን፣ መልሶም መጣ። በዚህ ጊዜ ሁሉ በታካሚዋ ፊርማ ወደ ክሊኒኩ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ገጽ በማናውቀው ቋንቋ ተጽፎ ደረሰን፤ በዚያ አገር የተማረ የሥራ ባልደረባችን ተረጎመልን። የሆድ ቆዳ ተቀንሷል፣ ከወገብ ስብ ተመጥጧል፤ እነዚህን ሁለቱን ሴትየዋም ታውቃለች። ሦስተኛው መስመር የተለያየው የሆድ ጡንቻ ከተሰፋ በኋላ በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ መረብ እንደ ተደረገበት ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር በሆዷ ውስጥ እንዳለ ማንም አልነገራትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ መረቡ ወጣ፣ መግሉም በዙሪያው ነበር።